ጉዳቱ ከፊሽካው ይቀድማል

መስከረም ሲጠባ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት የኳስ ሜዳዎች ገና ከክረምት አልወጡም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐይቅም፣ ወደ ሰሜን አልፎ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ውጫሌም ነገሩ ያው ነው። ዝናቡ ሲጠና ኳሱ ይቆማል፣ ሜዳው ለከብት ይለቀቃል። በጭቃው ላይ የታተመው የከብት ኮቴ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይደርቃል። ሣሩ ደግሞ ከላይ ይሸፍነዋል። ሜዳውን ከርቀት ያየ ሰው ለጥ ያለ አረንጓዴ ነው ይላል። በታኬታ የረገጠው ልጅ ግን ሌላ ነገር ያውቃል።

የመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሁሌም ደማቅ ነው። ሃያ፣ ሠላሳ ወጣት ይሰበሰባል። ግማሹ ታኬታ አለው፣ ሌላው በሸራ ጫማ፣ አንዳንዱም በኮንጎ ነው። አሰልጣኙ ዙሪያውን አይቶ «ክረምቱን ተኝታችሁበታል» ይላል። ቅጣቱም ወዲያው ይከተላል። አሥር ዙር ሩጫ፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ቀጥሎ የሃምሳ ሜትር ሙሉ ፍጥነት፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ለግማሽ ተከፍሎ ግጥሚያ። ማግሥቱንም እንዲሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንዱ ኳስ ተከትሎ ሲፈተለክ ድንገት ይቆምና የጭኑን ጀርባ በእጁ ይይዛል። «ታፋዬን ያዘኝ!» ጓደኞቹ ከበው ያሹታል። ከዳር የቆመው ተመልካች «ዓይን ነው» ይላል። ሌላው «ዕድሉ ነው» ብሎ ይጨምራል።

ዓይንም ዕድልም አይደለም። ይህ ልጅ የተጎዳው ማንም ሳይነካው፣ ተጋጣሚ በሌለበት፣ የውድድር ፊሽካ ሳይነፋ ነው። የጎዳው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያልሮጠ ጡንቻ በሦስት ቀን ውስጥ የሁለት ወሩን ዕዳ እንዲከፍል ተጠየቀ፣ መክፈል ሲያቅተው ተቀደደ። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ሐይቅ ላይም ሆነ በሚሊዮን ዶላር በሚንቀሳቀሱት የአሜሪካ ቡድኖች ዘንድ የሚከተለው መንገድ አንድ ነው።

ገበሬው ጠንካራ ነው፣ ታዲያ ለምን ይጎዳል?

የአምባሰል ወጣት ክረምቱን ተኝቶ አሳለፈ ማለት ሐሰት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የእርሻ፣ የጤፍ ዘርና የአረም ጊዜ ነው። ከንጋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ የሚያርም ልጅ ወገቡም ትከሻውም ይጠነክራል። ቁልቁለትና አቀበት እየወጣ የሚወርድ ሰው ሳንባው አይደክምም። ችግሩ ሰውነት የሚጠነክረው በሚሠራው ሥራ ልክ መሆኑ ላይ ነው። አረም ለማረም የሚያገለግል ጥንካሬ ኳስ ተከትሎ በሙሉ ፍጥነት ለመፈትለክ አይበቃም።

የጭን የኋላ ጡንቻ ዋና ፈተና የሚመጣው ሯጩ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ መሬት ሊረግጥ ሲል ነው። በዚያች ቅጽበት ጡንቻው እየተለጠጠ የእግሩን ፍጥነት መግታት አለበት። መለጠጥና መጎተት በአንድ ጊዜ ይደርስበታል ማለት ነው። ይህን ጭነት በሙሉ ፍጥነት ከመሮጥ በቀር በክረምት የሚሠራ ሌላ ሥራ አይተካውም። ስለዚህ ከአረም የመጣው ጠንካራ ልጅ ራሱን ዝግጁ አድርጎ ያያል፣ ትንፋሹም አያጥረውም። ጡንቻው ግን ሙሉ ፍጥነትን ካየ ሁለት ወር አልፎታል። ትንፋሹ አለመድከሙ ራሱ አታላይ ይሆንበታል፤ ሰውነቱ ከሚችለው በላይ እንዲሮጥ ያደፋፍረዋል።

የሰውነት ክፍሎች የሚለምዱት በተለያየ ፍጥነት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይታደሳሉ። ጡንቻ ትንሽ ይዘገያል። ጅማት ደም የሚያገኘው በጥቂቱ ስለሆነ ከጡንቻ በኋላ ይመጣል፣ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። አጥንት የተለየ ጠባይ አለው። አዲስ ጭነት ሲደርስበት መጀመሪያ የተዳከመውን ክፍል ራሱ ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። ማፍረሱ ሳምንታት ሲወስድ ግንባታው ወራት ይፈጃል። በመካከሉ አጥንቱ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚሳሳበት ጊዜ አለ። ልምምድ ከጀመሩ ሦስት አራት ሳምንት የሆናቸው ሯጮችና ምልምል ወታደሮች ቅልጥማቸውን ወይም የእግራቸውን የመሐል አጥንት የሚያማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቸል ካሉት ሕመሙ ወደ ስንጥቅ ይለወጣል።

ሌላው ፈተና በዓል ነው። መስከረም በወሎ የበዓል ወር ነው። መስቀል አለ፣ መስከረም 21 ደግሞ በአምባሰል ወረዳ ያለችው የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። መውሊድም አንዳንድ ዓመት ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ቡድኑ ለአራትና አምስት ቀን ይበተናል። በዓል ማክበር ማንንም አልጎዳም። የሚጎዳው ከበዓሉ መልስ «የቀረብንን ቀን እናካክስ» ተብሎ ልምምዱ በአንድ ቀን እጥፍ ሲሆን ነው።

ሀብታሞቹም አላመለጡም

በእንግሊዝ 91 ፕሮፌሽናል ክለቦችን ለሁለት የውድድር ዘመን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ከጠቅላላው ጉዳት 17 ከመቶው የደረሰው ሊጉ ሳይጀመር በዝግጅት ወቅት መሆኑን አሳይቷል። ከ25 ዓመት በታች ያሉት ወጣቶች ይበልጥ ተጎጂ ነበሩ። የተረከዝ ጅማት ሕመምም በዝግጅቱ ወር በርክቶ ታይቷል። እነዚህ ክለቦች ሐኪም፣ የሣር ባለሙያና የራሳቸው የልምምድ ማዕከል ያላቸው ናቸው።

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) እ.ኤ.አ. በ2011 ያልታሰበ ሙከራ ሆነ። ባለቤቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ስላልተስማሙ ተጫዋቾቹ ለወራት ከክለቦቻቸው ማዕከልና ከባለሙያዎቻቸው ተለያዩ። ስምምነቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሲደረስ ወዲያው ወደ ልምምድ ገቡ። በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ብቻ 10 ተጫዋቾች የተረከዝ ጅማታቸው ተበጠሰ። የቀነሰው የዝግጅት ጊዜ ነበር፤ ሒሳቡን የከፈለው ጅማት ነው።

ቤዝቦልን ብዙዎቻችን ባንከታተለውም ትምህርቱ ግልጽ ነው። በዚህ ጨዋታ ወርዋሪው ኳሷን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወረውራል። ክንዱን ደጋግሞ በዚህ ኃይል ሲወረውር ከክርኑ በስተውስጥ ያለች አንዲት ጅማት ሸክሙን ትቀበላለች። ቡድኖቹ በየዓመቱ የካቲት ላይ ሞቃት ወደሆኑት ፍሎሪዳና አሪዞና ሄደው ይዘጋጃሉ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የ162 ጨዋታው ዘመን ይጀመራል። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወርዋሪዎች ጉዳት ዘገባ፣ ጉዳት ከሚበዛባቸው ወቅቶች አንዱ ይኸው የዝግጅት ጊዜ መሆኑን አስቀምጧል። ዘገባው ያነጋገራቸው ባለሙያዎች ወርዋሪዎቹ ዕረፍታቸውን ሳይጨርሱ በከፍተኛ ኃይል መወርወር መጀመራቸውን እንደ ምክንያት ያነሳሉ።

የዝግጅት ወቅት አደጋ ሁልጊዜ በልምምድ ብዛት አይመጣም። በወቅቱ የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ የነበረው ኤድዊን ዲያስ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የሊጉ መክፈቻ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለአገሩ ፖርቶ ሪኮ በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ተሰልፎ አሸነፈ። ከጓደኞቹ ጋር በደስታ ሲዘል የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የዓመቱን ውድድር በሙሉ ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። ይህን መሰሉን ማንም አሰልጣኝ አስቀድሞ አያቅደውም። በጭነት መጣደፍ የሚመጣውን ግን ማቀድ ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

የእኛዎቹ ጀግኖች

ኢትዮጵያውያን ይህን ሕመም በደንብ ያውቁታል። ቀነኒሳ በቀለ በበርሊን 2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወስዶ ተመለሰ። በጥር 2010 በኤድንብራ አገር አቋራጭ አራተኛ ወጣ፣ ከዚያ የባቱ ጡንቻ ጉዳት ያዘው። የመም ውድድሩ ሳይጀመር ዓመቱ አለቀበት። እንደገና በውድድር የታየው በነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አቋርጦ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ግን በብራስልስ 26፡43.16 ሮጦ አሸነፈ። ያን ያህል አቅም ያለው ሰው ያንን ያህል ጊዜ ያጣው በአንዲት ባት ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ 2000 እ.ኤ.አ. ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው የተረከዝ ጅማቱን እያመመው ነው። ከኦሊምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ሦስተኛ ወጣ። አልማዝ አያና ደግሞ በሪዮ 2016 እ.ኤ.አ. የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29፡17.45 ከሰበረች በኋላ፣ የቀጣዩን ዓመት ውድድሮች በጉዳት አሳልፋ በለንደኑ የዓለም ሻምፒዮና የዓመቱን የመጀመሪያ ሩጫዋን ሮጠች፤ አሸነፈችም። ከዚያ በኋላ የጉልበት ጉዳትና ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ከመም አራቃት። በጥቅምት 2022 በአምስተርዳም የመጀመሪያ ማራቶኗን 2፡17፡20 ገብታ ስታሸንፍ ብዙዎች ረስተዋት ነበር።

እነዚህ ሦስቱ ሐኪም፣ ማናጀርና ውጭ አገር የመታከም ዕድል ነበራቸው። ጉዳቱ ቢያዘገያቸውም አልቀበራቸውም። የሐይቅ ወይም የውጫሌ ልጅ ጅማቱ ሲበጠስ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል። ለክለብ መመልመያ የምትመጣው ዕድል አንድ ጊዜ ናት። ያቺን ዕድል በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ በወለምታ የጣለ ልጅ ስሙ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

በእግር ኳሳችን ጫና እየጨመረ መሄዱም አይካድም። ፕሪሚየር ሊጉ በኮቪድ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ተሰርዞ በ2013 ሲመለስ፣ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ በተከታታይ የሚጫወቱበት አሠራር ተጀመረ። ጨዋታ በጨዋታ ላይ ሲደራረብ የዝግጅት ጊዜ የተሠራው መሠረት ዋጋው ይታያል። መሠረት ያልሠራ ተጫዋች የሚያገግምበት ቀን የለውም። በወሎ ደግሞ ሌላ ክፍተት ታክሎበታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ልምምድ የሚባል ነገር ቆመ። ከእንዲህ ዓይነት መቋረጥ በኋላ የሚሰበሰብ ቡድን ከየትኛውም ቡድን የበለጠ ዝግታ ያስፈልገዋል። ናፍቆቱ ግን ወደ ጥድፊያ ይገፋል።

ወጌሻ ጋ ወይስ ሆስፒታል?

ልጁ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ ሰውም ያምነዋል። የወለቀ ጣት ወይም ትከሻ በመመለስ የተካኑ ወጌሾች በወሎ ሞልተዋል። በፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ተጫዋች ሲወድቅ ሻንጣውን ይዞ የሚሮጠው ባለሙያ በዚሁ ስም ይጠራል።

አደጋው ያለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማሸት ነው። ጡንቻ ሲቀደድ ውስጡ ይደማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አጥብቆ ማሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ ደሙን ያበዛዋል፣ በሁለት ሳምንት የሚድነውን ወደ ሁለት ወር ይወስደዋል። ሁለተኛው ማሰር ነው። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰርና እብጠቱ ሲጨምር የደም ዝውውር ይቋረጣል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደረጉ የእጅና የእግር ቆረጣዎች ከፊሉ መነሻው ይህ መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች አሰልጣኙም፣ ወላጁም፣ ወጌሻውም ሊያውቁ ይገባል። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ሲዞር «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማና በሰዓታት ውስጥ ካበጠ የውስጥ ጅማት ተበጥሶ ይሆናል። የታሰረ እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያችው ደቂቃ መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። በእነዚህ ሁሉ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂድ። ለቀላል ወለምታና ለጡንቻ መሳሳብ ግን ማሳረፍ፣ በመጠኑ በፋሻ ጠቅለል ማድረግ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛትና በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ማንቀሳቀስ ይጀመራል።

ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት

ሰውነት ማፍታታት በብዙ ሜዳዎቻችን ሁለት ዙር ሮጦ እጅና እግር መዘርጋት ነው። ፊፋ ከኦስሎ የስፖርት ጉዳት ተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጀውና «11 ፕላስ» የሚባለው መርሐ ግብር 20 ደቂቃ ይወስዳል። በለዘብታ ሩጫ ይጀምራል፣ በመካከል የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ልምምዶች አሉት፣ በፈጣን ሩጫ ያበቃል። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት፣ ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል። የሚያስፈልገው ሜዳና ኳስ ነው። ሜዳው ግን የኮቴ ጉድጓዱ በአካፋ መሞላት አለበት፤ የሰፈር ልጆች አንድ ቅዳሜ ቢወጡ የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ለታፋ ጡንቻ ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለ። ልጁ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል። ልጁ ከጉልበቱ በላይ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፣ መያዝ ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይደገፋል። በዴንማርክ 942 ተጫዋቾች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ይህን ልምምድ በሊጉ የዕረፍት ወቅት ለ10 ሳምንት አሠራ። ከሠሩት መካከል 15 የታፋ ጉዳት ሲመዘገብ፣ ካልሠሩት መካከል 52 ተመዝግቧል። ሲጀመር በሳምንት አንድ ቀን፣ አምስት አምስት ጊዜ ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ በአንዴ ያበዛ ሰው ማግሥቱን መቀመጥ ያቅተዋል።

አንድ የማይወራ ጉዳይ አለ። በሐይቅና በአካባቢው ጫት በብዛት ይበቅላል፣ ይቃማልም። ማታ ቅሞ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ጠዋት ሲሮጥ ያልታደሰ ጡንቻ ይዞ ነው፤ ምግቡም ውኃውም ተቀንሷል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ወቅት የተከለከለ አበረታች ንጥረ ነገር መሆኑን ከፍ ወዳለ ሊግ የሚያልም ሁሉ ማወቅ አለበት።

ቀሪው ነገር የዕቅድ ጉዳይ ነው። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለለዘብታ ሩጫ፣ ለጥንካሬና ለኳስ ንክኪ ይዋሉ። በሦስተኛው ፍጥነት ይጨመር፣ ሙሉ ግን አይሁን። በአራተኛው የግማሽ ሰዓት የወዳጅነት ጨዋታ ይደረግ። ሙሉ ዘጠና ደቂቃ በስድስተኛው ይምጣ። በበዓል የቀረ ቀን ይቅር፤ አይካካስም። ከጉዳት የተመለሰ ልጅ ካቆመበት ሳይሆን ከታች ይጀምር።

ለዚህ ሁሉ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የውድድር መርሐ ግብር ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማሳወቅ አለባቸው። ውድድሩ በሳምንት ማስታወቂያ ሲጠራ አሰልጣኙ መጣደፉ አይቀርም፤ ልጆቹም ይከፍላሉ። ውድድሩ መስከረም መጨረሻ ላይ ከሆነ ልምምዱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀመር፤ ዝናብ ቢሆንም የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የአስፋልት ዳር ለጥንካሬ ልምምድ ይበቃል። ልጁን በመጀመሪያው ሳምንት ማድከም ጀግንነት አይደለም። ጎበዝ አሰልጣኝ የሚባለው በመክፈቻው ቀን ያሉትን ልጆች በሙሉ ጤነኛ አድርጎ ያሰለፈ ነው።